የጠፈር ሽፍቶችና የነዳጅ ቆጣሪው ጥርጣሬ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የጠፈር ሽፍቶች ራቅ ያለ ጣቢያ ሲወሩ የሚያሳይ ድራማ ወይም አጭር ልብ ወለድ እንድትጽፉ ጋብዘናችሁ ነበር። ከሽፍቶቹ አንዱ በዘመቻው የማያምን ይሁን ብለንም ነበር። ጽሑፎቹ ገና እየመጡ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ቀድመው ደረሱን። ለዛሬ የመረጥናቸው ሁሉም ከመሐል አዲስ አበባ የተላኩ ናቸው።

ከፒያሳ፦ «ለሬዲዮ የሚሆን ባለ ስድስት ክፍል ድራማ በቡድን እየጻፍን ነው። ሰባት ሽፍቶች ሴሬስ ላይ በረዶ እየቆፈረ ነዳጅ የሚያመርት፣ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ያሉት ጣቢያ ሊዘርፉ ይሄዳሉ። ነዳጅ የሚቆጣጠረው ልጅ ‹ነገሩ አልጣመኝም› ይላል፤ አለቃው አይሰማውም። ረቂቁን ያነበቡልን ሁሉ ‹ልጁ ፈሪ ነው› አሉን። እኛ ደግሞ ፈሪ እንዲሆን አልፈለግንም። ምን ይሻለናል?»

ልጁ ፈሪ የመሰለው የሆዱን ብቻ ስለሚናገር ነው። «ሆዴን ባር ባር አለው» ለሚል ሰው አድማጭ ያዝንለት ይሆናል እንጂ አብሮት አይሰጋም። ነዳጅ ተቆጣጣሪ ካላችሁት ሥራው መቁጠር ነው፤ ጥርጣሬውም የሚቆጠር ይሁን። አድማጩ ሒሳቡን አብሮት ሠርቶ አብሮት ከደነገጠ፣ ፈሪ ሊለው አይደፍርም።

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። ሴሬስ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞር ድንክ ፕላኔት ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ያገኛት ሰው ጁሴፔ ፒያዚ ይባላል፤ ለፒያሳ ልጆች ደስ የሚል የስም ግጥምጥሞሽ ነው። ዶውን የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ዞራት በአፈሯ ውስጥ የውሃ በረዶ መኖሩን አሳይታለች። ስለዚህ በረዶ ቆፋሪ ጣቢያችሁ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የተተከለው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መንኮራኩሯ ከነሰዎቿ፣ ከነስንቋና ከነአየሯ፣ ያለ ነዳጅ 10 ቶን ትሁን። የምታቃጥለው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው፤ ከሞተሯ የሚወጣው ጋዝ በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ይፈተለካል። ከሴሬስ ተነሥታ ነዳጅ በሚቆጥበው መንገድ ወደ መሬት ለመመለስ ፍጥነቷን በሰከንድ 4.9 ኪሎ ሜትር ያህል መለወጥ አለባት። ይህም መሬት ስትደርስ ከባቢ አየሩ ራሱ ያቆምላታል ብለን ነው። የሴሬስ ምሕዋር ወደ 10 ዲግሪ ተኩል ያዘነበለ መሆኑን ለድራማው ስንል ትተነዋል፤ ብንጨምረው ሒሳቡ ለልጁ የበለጠ ይመሰክርለታል።

ቀመሩ ቀላል ነው። ከነነዳጁ ያለውን ክብደት ነዳጁ ካለቀ በኋላ ለሚቀረው ክብደት አካፍሉ። በስልካችሁ ማስሊያ ላይ (ስልኩን አግድም ስታዞሩት ብቅ የሚለውን) ኤል-ኤን የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ያገኛችሁትን በ4.4 አባዙ። መንኮራኩሯ 21 ቶን ነዳጅ ብትይዝ 31 ሲካፈል ለ10፣ 3.1 ይሆናል፤ ውጤቱ በሰከንድ 4.98 ኪሎ ሜትር ነው። ትደርሳለች። አሁን አንድ ቶን ብቻ የተዘረፈ ዕቃ ጫኑባት፦ 32 ሲካፈል ለ11፤ ውጤቱ 4.70። አትደርስም። ልትሸከም የምትችለው ከፍተኛው ጭነት 266 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። መመለሻው ብቻ 15 ወር ተኩል ለሚፈጅ ጉዞ፣ ሰባት ሰው ተካፍሎ ለነፍስ ወከፍ 38 ኪሎ ይደርሰዋል።

ልጁ ይህን ለአለቃው ሲያሳየው አለቃው መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ሞኝ አለቃ ድራማ አይሸከምም። መልሱም «የምንዘርፈው ነዳጁን ራሱን ነው» የሚል ይሁን። ጥሩ መልስ ነው። መሄጃውን በራሳቸው ነዳጅ፣ መመለሻውን በጣቢያው ነዳጅ ሊሉ አስበዋል፤ ሴሬስ ሲደርሱ ማጠራቀሚያቸው ባዶ ይሆናል። የልጁ ትክክለኛ ጥርጣሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ ጣቢያው 21 ቶን ነዳጅ አለው ወይ?

ጣቢያው ነዳጅ የሚሠራው ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ለመክፈል በተግባር 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሞተር ብዙውን ጊዜ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን 6 ኪሎ ኦክስጅን ያቃጥላል። ስለዚህ 21 ቶን ነዳጅ ማለት 3 ቶን ሃይድሮጅንና 18 ቶን ኦክስጅን ነው። ውሃ ሲከፈል ከ9 እጅ አንዱ ሃይድሮጅን ስለሆነ፣ 3 ቶን ሃይድሮጅን ለማግኘት 27 ቶን ውሃ መክፈል ግድ ነው። የጣቢያው ኃይል 100 ኪሎ ዋት ከሆነ ሥራው 1,485 ሰዓት ይወስዳል፤ 62 ቀን ማለት ነው። (6 ቶን ኦክስጅን ይተርፋል፤ ሠራተኞቹ የሚተነፍሱት እሱን ነው።)

እንግዲህ ለልጁ አንዲት መረጃ ብቻ ስጡት፦ የመጨረሻው የጭነት መንኮራኩር የጣቢያውን ነዳጅ ጠርጎ የሄደው የዛሬ 20 ቀን ነው። በ20 ቀን የሚከፈለው ውሃ 8.7 ቶን ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ነዳጅ 6.8 ቶን ብቻ ነው። ያ ደግሞ በሰከንድ 2.28 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ቀሪውን ለማምረት 42 ቀን ጣቢያውን ይዘው መቀመጥ አለባቸው። ከአሥራ ሁለት እስረኛ ጋር፣ እነዚያው እስረኞች ማሽኑን እያስኬዱላቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ከሄደ ነው የሚያስገርመው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ጨምሩለት። አንደኛ፣ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ፣ ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ነው። መተላለፊያ ቱቦው ቀድሞ ካልቀዘቀዘ የመጀመሪያው ፈሳሽ ወዲያው ጋዝ ሆኖ ይባክናል፤ ቱቦውንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የጣቢያው ማገናኛ ከመንኮራኩሯ ማገናኛ ጋር መግጠም አለበት። የማገናኛውን ዓይነት ያልጠየቀ የሽፍታ ቡድን፣ ከተማው ውስጥ እንኳ የጋዝ ሲሊንደር ገዝቶ ማገናኛው አልገጥምለት ያለው ሰው የሚገባበት ጣጣ ውስጥ ይገባል፤ ልዩነቱ ሱቁ 15 ወር ተኩል መራቁ ነው።

አለቃው «እንግዲያው ሰዎቹን ይዘን ገንዘብ እናስከፍላለን» ካለም ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሶማሊያ ባሕር ዳርቻ ራቅ ብላ የተያዘችው ፋይና የተባለች መርከብ 33 ቲ-72 ታንኮች ጭና ነበር። ወንበዴዎቹ ታንኮቹን ሊያራግፉ አልቻሉም፤ መርከቧ በ2009 መጀመሪያ ከነጭነቷ የተለቀቀችው ገንዘብ ተከፍሎ ነው። ሴሬስ ላይ ግን ድርድሩ ራሱ ችግር ነው። መልእክት ወደ መሬት ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ13 እስከ 33 ደቂቃ ይፈጃል። «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብሎ መልስ ለመስማት በተሻለው ቀን እንኳ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ዛቻ በዚያ ርቀት ይበርዳል። ለሬዲዮ ድራማ ይህ ዝምታ ወርቅ ነው፤ አትዝለሉት።

ከአራት ኪሎ፦ «መንኮራኩሯ መብራቷን አጥፍታ በጨለማ ተደብቃ ብትጠጋስ?»

መብራት ማጥፋት አይረዳትም። ጠፈር ውስጥ የሚያጋልጠው ሙቀት ነው። ሰው የሚኖርበት ግድግዳ 20 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ከጀርባው ያለው ጠፈር ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ነው። ሙቀት ለሚያይ ካሜራ መንኮራኩሯ በሌሊት ሜዳ ላይ እንደተቀጣጠለ ፍም ናት። ፍጥነቷን ለመቀነስ ሞተሯን ስትለኩስ ደግሞ ከዚያም ትብሳለች።

የሚቀሯት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ የሴሬስን አካል መከለያ ማድረግ ነው። ሴሬስ ትንሽ ስለሆነች አድማሷ ቅርብ ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ 20 ሜትር ምሰሶ ላይ ለተሰቀለ ካሜራ 4.3 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ በጣቢያው ማዶ በኩል ዝቅ ብለው መጥተው 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ማረፍና በእግር መሄድ ይችላሉ፤ ጣቢያው ዙሪያዋን የምትቃኝ ሳተላይት ከሌለው ነው ታዲያ። ማረፉ ራሱ ግን ሊያጋልጣቸው ይችላል። ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ብናኙን ጠራርጎ ይወረውረዋል፤ አየር ስለሌለ የሚያቆመው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 12 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ያስነሣው ብናኝ 160 ሜትር ገደማ ርቃ የነበረችውን ሰው አልባ መንኮራኩር ሰርቬየር 3ን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቋታል። ሴሬስ ላይ ለማምለጥ በሰከንድ 510 ሜትር ብቻ ስለሚበቃ፣ ደቃቁ ብናኝ ከነጭራሹ ላይመለስ ይችላል። የጣቢያው የፀሐይ ሰሌዳ ላይ ድንገት አቧራ ሲንኳኳ የሚሰማ ጠባቂ ብትጽፉ እውነት ነው።

ሁለተኛውና እኛ የምንመርጠው መንገድ አለመደበቅ ነው፦ የሚጠበቅ የጭነት መንኮራኩር መስሎ መምጣት። የባሕር ላይ ወንበዴዎችም የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነጥቀው በሱ ይጠጋሉ። ይህ ሲሆን ተጠራጣሪው ሬዲዮ ላይ እንዲናገር ይገደዳል፤ ውሸቱን የሚናገረው ራሱ ያላመነበት ሰው ይሆናል ማለት ነው። ለትወና የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል?

ስለ እግር ጉዞው አንድ ነገር እንጨምር። ሰውየው ከነልብሱ 210 ኪሎ ቢሆን እዚያ የሚሰማው ክብደት እዚህ እንደ 6 ኪሎ ነው። ግን የቀለለው ክብደቱ እንጂ አካሉ አይደለም፤ ግድግዳ ሲመታ የሚያርፍበት 210 ኪሎ ነው። እዚህ ግማሽ ሜትር የሚዘል ሰው እዚያ በዚያው ኃይል ቢዘል 17 ሜትር ከፍ ብሎ እስኪወርድ 22 ሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ ሩጫ የለም። ደንግጦ የዘለለ ሽፍታ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ 22 ሰከንድ ይታያል፤ ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ከካዛንቺስ፦ «በመድረክ ቴአትራችን ላይ በሩን ሲበረግዱት ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ተጠርጎ ይወጣል። ጥይት ሲተኮስም ግድግዳው ተበስቶ እንዲሁ ይሆናል። ትክክል ነው?»

ከበሩ እንጀምር። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ ውስጡ እንደ መሬት ባሕር ወለል ያለ አየር ከሞላ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ግፊት ተጭኖ ይዘጋዋል። አሥር ጎልማሳ ቢረባረብበት ፈቀቅ አይልም። ሽፍቶቹ ወይ ከውጭ ቆርጠው፣ ወይ ሁለት በር ባላት መሸጋገሪያ ክፍል በኩል በተራ መግባት አለባቸው። ሁለተኛውን ምረጡ፤ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ አየሩ ሞልቶ የውስጡ በር እስኪከፈት ደቂቃዎች ያልፋሉ። ሽፍታው በሩ እስኪከፈት በትንሿ መስኮት ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። ለመድረክ ደግሞ ወጪው አንድ መስኮት ያለው ጣውላ ብቻ ነው።

ወደ ጥይቱ። 9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሰከንድ ወደ 13 ሊትር አየር ያስወጣል። ክፍሉ 100 ሜትር ኩብ ከሆነ ግፊቱ በግማሽ እስኪወርድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ማንም አይጠረግም፤ ያፏጫል፣ ወረቀት ወደ ቀዳዳው ይሳባል፣ አንድ ሰው በፕላስተር ይለጥፈዋል። የተሻለ ጭንቀት ከፈለጋችሁ ቀዳዳው ከመደርደሪያ ጀርባ ይሁንና ፉጨቱ ብቻ ይሰማ። ጠመንጃው ግን ያለ አየር ይሠራል፤ ባሩዱ ኦክስጅኑን በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። ሶቪየቶች ሳልዩት 3 በተባለችው ጣቢያ ላይ መድፍ ገጥመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 ሰው ከወጣ በኋላ ከመሬት በትእዛዝ ተኩሰውታል።

ሙሉ በሙሉ አየር አልባ ቦታ ላይ የወደቀ ሰው አይፈነዳም፣ ወዲያውም አይደርቅም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሂዩስተን ውስጥ ጂም ለብላንክ የተባለ ባለሙያ በመፈተኛ ክፍል የልብሱ ቱቦ ተላቅቆበት 14 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ራሱን ሳተ፤ ከመሳቱ በፊት የሚያስታውሰው ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲንተከተክ ነው። አየር በፍጥነት ስለተመለሰለት ተርፏል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1971 የሶዩዝ 11 ሦስት ጠፈርተኞች አንድ ቫልቭ ተከፍቶ አየሩ ስለወጣባቸው ሕይወታቸው አልፏል፤ የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር። እንግዲህ ሽፍታችሁ ያለው ጊዜ 10 እስከ 15 ሰከንድ ነው። መድረክ ላይ አስቆጥሩት።

ሌላ ብዙ ጸሐፊ የሚረሳው ነገር አለ። የጠፈር ልብስ ውስጥ ያለው ግፊት በጣቢያው ውስጥ ካለው የሢሶውን ያህል ነው፤ ካልሆነ ልብሱ እንደ ጎማ ይወጠርና ክንድ አይታጠፍም። ከጣቢያው አየር ድንገት ወደ ልብስ የገባ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል፤ ጠላቂ ዋናተኞችን የሚይዘው ሕመም ይይዘዋል። ለዚህ ነው ጠፈርተኞች ከመውጣታቸው በፊት ንጹሕ ኦክስጅን ለረጅም ሰዓት የሚተነፍሱት። የጣቢያው ሠራተኞች ደንግጠው ልብስ ለብሰው ከወጡ፣ ከሽፍታው ያመለጠው ሰው ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት እናየዋለን። ብልህ የጣቢያ ኃላፊ ሰዎቹን አያስወጣም። ከፀሐይ ጨረር መጠለያ ተብላ የተሠራችው ወፍራም ክፍል ውስጥ ከነራዲዮው፣ ከነአየሩና ከነማሽን መቆጣጠሪያው ይቆልፍባቸዋል። መርከበኞችም ወንበዴ ሲመጣባቸው ሞተር ክፍል ገብተው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሽፍቶቹ ጣቢያውን ያዙ፤ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን ከውስጥ ቆልፏል። ቀዳዳ ቢበሱባቸው ነዳጅ የሚያመርትላቸውን ሰው ይገድላሉ። የነዳጅ ቆጣሪው 42 ቀን ትዝ ይበላችሁ።

ከስታዲየም አካባቢ፦ «ለድምፅ ድራማ በተከራየናት አንዲት ክፍል እንቀዳለን። ጠፈር ላይ ድምፅ የለም ካላችሁን ምን እናሰማ?»

በአየር የሚመጣ ድምፅ የለም እንጂ በአካል የሚተላለፍ አለ። ሽፍታው የራሱን ተኩስ በእጁና በልብሱ በኩል እንደ ድፍን ጉምታ ይሰማዋል፤ የጓደኛውን ተኩስ ግን አይሰማም። ይህን ለመቅዳት ስልካችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብረት በር ላይ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ሌላ ሰው ከበሩ ማዶ ጫፍ በጣት አንጓው ይምታ። የሚገኘው ድምፅ ከማንኛውም ከኢንተርኔት የወረደ ፍንዳታ ይበልጣል። ለራስ ቁር ውስጥ ንግግር 5 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ አፍ ላይ ደፍታችሁ፣ ስልኩ በባልዲው ውስጥ ከከንፈር አራት ጣት ርቆ ይሁን፤ ትንፋሹን አትቁረጡት። ሁለት ሰዎች ራዲዮ ሳይጠቀሙ ለመነጋገር የራስ ቁራቸውን ቢያጋጥሙ ይሰማማሉ። ተጠራጣሪው ሌሎቹ እንዳይሰሙት የሚናገረው ነገር ካለ እንዲህ ይበል፤ ስልኩን ከባልዲው ውጭ አስጠግታችሁ ቅዱት።

ክፍሏን ፍራሽ በሁለት ግድግዳ አቁማችሁ፣ በርና መስኮቱ ላይ ጋቢ አጥፋችሁ ስቀሉ። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ቅዱ። ፍሪጅ ካለ ንቀሉ፤ ያ ጉርምርምታ በኋላ አይወጣም። መብራት ከሄደ ደግሞ ስልኩ በባትሪ ይሠራልና ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ከማንኛውም ሰዓት ይልቅ ክፍሏ ጸጥ የምትለው ያኔ ነው።

ከለገሃር፦ «ሽፍቶቹ ቢያዙ የት ነው የሚዳኙት?»

ጣቢያውን ወይም መንኮራኩሯን ባስመዘገበው አገር። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ውል ወደ ጠፈር የተላከ ዕቃም ሠራተኞቹም ባስመዘገበው መንግሥት ሥልጣን ሥር እንደሚቆዩ ይደነግጋል። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 101 የባሕር ላይ ውንብድናን ሲተረጉም ለግል ጥቅም የሚፈጸም መሆኑን ያነሣል፤ ሕጉ ግን ለባሕር የተጻፈ ነው። ለታሪካችሁ የሚጠቅመው ነገር፣ መንኮራኩሯ የተመዘገበችበት አገርና ጣቢያው የተመዘገበበት አገር ከተለያዩ ሁለቱም «የኔ ናቸው» ማለት ይችላሉ።

ከአምባሳደር አካባቢ፦ «እዚያ ሆነው ‹ከጠዋቱ 3 ሰዓት› ሊሉ ይችላሉ? ቀኑስ?»

ይችላሉ። ሴሬስ በ9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ አንድ ጊዜ ስለምትዞር በአንድ የአዲስ አበባ ቀን ውስጥ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ትወጣለች። ማንም ሰው በዚያ አይተኛም፤ ጣቢያው የአንድ አገር ሰዓት ይይዛል። ሽፍቶቹ የአበሻ ሰዓት፣ ጣቢያው ሌላ ሰዓት ቢይዝ ‹በ9 ሰዓት እንግባ› የሚለው ትእዛዝ የ6 ሰዓት ስሕተት ያመጣል። ተጠራጣሪው ይህንንም ቀድሞ ይጠይቅ።

ከሜክሲኮ፦ «ገጸ ባሕርያቶቻችን ሲነጋገሩ የተተረጎመ ፊልም ይመስላሉ። አለቃውን ‹ካፒቴን› ይሉታል፤ ተጠራጣሪው ‹መጥፎ ስሜት አለኝ› ይላል። እንዴት እናስተካክለው?»

ስለ ቃላቱ በመጀመሪያ። «ወንበዴ» እና «ሽፍታ» አንድ አይደሉም። ወንበዴ የሚላቸው የተዘረፈው ሰው ነው። ሽፍታ ግን በኛ ጆሮ ከዘረፋው በፊት የሆነ በደል ያለው፣ ፊቱን አዙሮ ጫካ የገባ ሰው ነው። ስለዚህ እነሱ ራሳቸውን ሽፍታ ይበሉ፤ ጣቢያው ወንበዴ ይበላቸው። ራዲዮው ላይ ሁለቱ ቃላት ሲጋጩ አድማጩ ማን ምን እንደሚያስብ ያውቃል። «መጥፎ ስሜት አለኝ» የሚለውን ጣሉት፤ «ነገሩ አልተዋጠልኝም»፣ «ልቤ አልወደደውም» በሉ።

ወደ ትልቁ ነገር። አማርኛ ጸሐፊ በእጁ ያለ፣ ብዙዎች የማይነኩት መሣሪያ አለው፦ አንቱታ። ልጁ ለአለቃው «እርስዎ» ይበል፣ «ጋሼ» ይበለው፤ አለቃው ለልጁ «አንተ» ይበል። ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ አንድም ቦታ አይዛነፍ። ለምሳሌ እንዲህ፦

— ጋሼ፣ ማጠራቀሚያው ሙሉ ነው ያለዎት ማን ነው?
— አንተ የራስህን ነዳጅ ቁጠር።
— ቆጥሬዋለሁ። ያስጨነቀኝ የቆጠርኩት ነው።
— ፈራህ?
— ጋሼ፣ ሃያ ቀን ነው፤ ሃያ ቀን ስልሳ ሁለት ቀን አይሆንም።

እዚህ ላይ «ፈራህ?» የሚለውን ሌላው ሰው ይበለው እንጂ ልጁ አያስተባብል፤ ቁጥሩን ደግሞ ይናገር። ከመግባታቸው በፊት ፉከራ ይኖራችኋል፤ በተራ በተራ «ዘራፍ» ይባላል። የልጁ ተራ ሲደርስ ሌሎቹ ዝም ብለው ይጠብቁት። እሱ ከኪሱ ደብተሩን ያውጣና ነዳጁን በቶን ብቻ ሳይሆን በቀንም ያንብበው፦ «ስድስት ነጥብ ስምንት ቶን። አርባ ሁለት ቀን ይቀረዋል።» አንድ ሰው ብቻ ይሳቅ። ሁሉም ከሳቁ ትዕይንቱ ይፈርሳል።

ከዚያ አንቱታውን የምትሰብሩበትን ቦታ ምረጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰበረው፤ ሁለት ጊዜ ከሰበራችሁት ቁጣ ይሆናል። እኛ የምንመርጠው መጠለያው ደጃፍ ነው። አለቃው ቱቦውን ቆርጦ ውስጥ ያሉትን አሥራ ሁለቱን አየር ሊነሣቸው እጁን ዘርግቷል። ሁሉም የራስ ቁር ለብሰዋል፤ ራዲዮው ክፍት ነው፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ልጁ «ጋሼ ይተዉ» አይበል። «ተው» ይበል። አንዲት ቃል፣ ድምፁን ሳይጨምር። አለቃው የሚዞረው ስለ ቱቦው ሳይሆን ስለዚያች ቃል ይሁን። ከዚያ በኋላ ልጁ እንደገና «እርስዎ» ይበል ወይስ አይበል የሚለውን ከተዋናዩ ጋር ተቀምጣችሁ ሁለቱንም ቅዱት፤ በስልክ መልሳችሁ ስታዳምጡ አንዱ ጆሮ ይቆረቁራል፣ እሱን ጣሉት።